በሐምሌ ዱባይ ሜዳ ላይ ስፖርት እየሠራሁ ነው፤ ሙቀቱን እንዴት ልቻለው?

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ልጅ

ሰላም የአገሬ ልጆች። ዱባይ ከመጣሁ ወር እንኳ አልሞላኝም። ዴራ ነው የምኖረው፤ የሕንፃ ጥበቃ ነኝ። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) ውስጥ። አገር ቤት ስፖርት ሳልሠራ የምውልበት ቀን አልነበረም። እዚህ የጂም ክፍያ አይቀመስም፤ ለቤተሰብ የምልከው ይቀድማል። ስለዚህ ባሕር ዳር ወዳለው ነጻ የስፖርት ቦታ መሄድ ጀመርኩ። የፑል አፑ ብረት፣ የዲፕሱ ጥንድ ብረት፣ የሆድ መሥሪያው ወንበር፣ ሁሉም አለ።

ችግሩ ሙቀቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሥራ እንደወጣሁ ሄድኩ። ፀሐይ ገብታለች፤ አየሩ ግን ድስት ሲከፈት ፊት ላይ የሚመጣው እንፋሎት ነው። ስኳትና ፑሽ አፕ ሠርቼ ፑል አፕ ላይ ስደርስ ልቤ ደረቴን ሊበሳ ደረሰ። ዓይኔ ጭልም አለብኝ። ራስ ምታቱ እስክተኛ አልለቀቀኝም። እሑድ ደግሞ ዕረፍቴ ነው ብዬ ከቀኑ 8 ሰዓት ብሄድ ብረቱን መንካት አልቻልኩም።

ስንት ሰዓት ልሥራ? ምን ልጠጣ? ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፤ እጾማለሁ። ወይስ እስከ ጥቅምት ልተወው?

መልስ፦ ሲስተር ቲ

ወንድሜ፣ አትተወው። ግን ደብረ ብርሃን የምትሠራውን እዚህ በመጀመሪያው ወር አትሞክረው። ነርስ ነኝ። ሙቀት ጥሏቸው የሚመጡት ብዙዎቹ አዲስ የገቡ ወይም ከዕረፍት የተመለሱ ናቸው።

ሰውነት ሙቀቱን በዋናነት የሚያስወጣው ላቡ ሲተን ነው። መፍሰሱ ብቻውን አያቀዘቅዝም። እዚህ በሐምሌ አየሩ ራሱ ውሃ የጠገበ ስለሆነ ላብህ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ልብህ ሁለት ሥራ ይይዛል። ለጡንቻው ደም ይልካል፤ ሙቀቱ እንዲወጣ ደግሞ ለቆዳው ይልካል። ላይ ያለው ጭንቅላት ሲጎድልበት ዓይን ይጨልማል።

ደግነቱ ሰውነት ይለምዳል። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈጅበታል። ላብ ቶሎ ይጀምርሃል፣ ይበዛልሃል፣ ጨዉ ይቀንሳል፤ የደምህ ፈሳሽ ይጨምራል፣ የልብ ምትህም ይረጋል። ይህ የሚመጣው ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሙቀቱ ውስጥ ስትንቀሳቀስ ነው። ዴራ መኖርህ ብቻ አያለምድህም፤ ኤሲ ውስጥ ነው የምትውለው። ለሙቀት አዲስ ለሆነ ሠራተኛ የሚመከረው በመጀመሪያው ቀን ከሙሉ ሥራው 20 በመቶውን ብቻ ሠርቶ፣ በየቀኑ 20 በመቶ እየጨመረ እንዲሄድ ነው። ለስፖርት ከዚያም ዝግ ብትል ደስ ይለኛል። መጀመሪያ 15 ደቂቃ እርምጃ ብቻ። ከዚያ 20 ደቂቃ፣ ሁለት ሦስት ቀላል ስፖርት ጨምረህ። ፑል አፑን ለሁለተኛው ሳምንት አቆየው። ካቋረጥከውም ልምዱ ይጠፋል። ወር አገር ቤት ቆይተህ ብትመለስ እንደገና ከዜሮ ነው።

አሁን ይህን በደንብ አንብብልኝ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ መኮማተር ከመጣ የዚያ ቀን ስፖርት አልቋል። ጥላ ውስጥ ወይም ኤሲ ውስጥ ግባ፣ እግርህን ከፍ አድርገህ ተኛ፣ ቀስ እያልክ ጠጣ። ሰውየው መዘባረቅ ከጀመረ፣ የት እንዳለ ካላወቀ፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ከወደቀ ግን ሙቀቱ አንጎሉ ላይ ደርሷል። ያኔ 998 ደውሉ፤ እዚህ የአምቡላንስ ቁጥር ነው። አምቡላንሱ እስኪደርስ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። ልብሱን አውልቁለት፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፣ በረዶ ካለ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አድርጉ። ራሱን ያላወቀ ሰው አፍ ውስጥ ውሃ አይጨመርም።

የደም ግፊት መድኃኒት ወይም ሽንት የሚያሸና ኪኒን የሚወስድ ካለ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። አንዳንድ የጉንፋንና የአለርጂ ኪኒኖችም ላብ ይከለክላሉ።

መልስ፦ የድሬ ልጅ

አቦ፣ እኔ ሙቀት ውስጥ ነው ያደግኩት፤ ዱባይ ግን ሌላ ነው። የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው፣ ጥላ ስትገባ ይተውሃል። ይሄ ጥላም ውስጥ ይከተልሃል።

ስለ ብረቱ ልንገርህ። ፀሐይ ሲመታው የዋለ ብረት መዳፍህን ይልጠዋል። በእጅህ ጀርባ ነካ አድርገው። 5 ሰከንድ ማቆየት ካልቻልክ አትያዘው። መሬት ላይ የተነጠፈው ጥቁር ላስቲክ ደግሞ ከብረቱ አይተናነስም፤ ፑሽ አፕ ስትሠራ መዳፍህ ሥር ፎጣ አንጥፍ። ማታና ንጋት ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ብረቱ ጤዛ ይይዛል። ላብህ ሲጨመርበት ፑል አፕ ላይ ሙልጭ ትላለህ። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ብረቱንም እጅህንም ጥረግ። ሁለት ፎጣ ያዝ፤ አንዱ ለብረት፣ አንዱ ለፊት።

አሠራሩ ላይ ደግሞ፣ በሙቀት ጊዜ ዙር አሳጥር፣ ዕረፍት አርዝም። ለአንድ ደቂቃ የምታርፈውን ሁለት ሁለት ተኩል አድርገው። ትንፋሽህ ወደ ቦታው ሳይመለስ ቀጣዩን አትጀምር። እያወራህ መሥራት ካልቻልክ በዝተሃል። በላብ ክብደት እቀንሳለሁ ብለው ላስቲክ ለብሰው የሚሮጡ ልጆች ታያለህ። እባክህ እንዳትከተላቸው። የሚወርደው ውሃ ነው፤ ስትጠጣ ይመለሳል። ላቡ የሚተንበት ሲያጣ ግን ሰው ይወድቃል።

መልስ፦ ሰዓዳ ከሻርጃ

እኔ ከፈጅር ሰላት በኋላ ነው የምወጣው። በዚህ ሰሞን ፀሐይ የምትወጣው ወደ 11 ሰዓት ከ40 ነው። እርጥበቱ ንጋት ላይ ይከብዳል፤ ግን ፀሐይ የለችም፣ ብረቱም ሌሊቱን ቀዝቅዞ አድሯል። ለእኔ ከማታው ይሻላል። ማታ አስፋልቱና ግንቡ ቀን የጠጡትን ሙቀት ገና ይተፋሉ።

ለእህቶቼ፦ ሰውነት ሸፍኖ መሥራት ይቻላል። ሰፋ ያለ፣ ስስ፣ ነጣ ያለ ልብስ ምረጡ። ወፍራም ጥጥ ላብ ጠጥቶ ይከብዳል። ለሂጃብ ስፖርት ጨርቅ አለ፤ ቶሎ ይደርቃል፣ አንገት ላይ አይጣበቅም። ሰው ቤት የምትሠሩ ደግሞ ለማዳም የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ተናግራችሁ ውጡ።

መልስ፦ ጋሽ ታክሲው

የሰዓዳ ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን በሥራ ቀን አይሆንም። 12 ሰዓት ቆሞ የሚውል ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከተነሣ መቼ ሊተኛ ነው? ቤድ ስፔስ (አልጋ ብቻ የሚከራይበት የጋራ ክፍል) ውስጥ መብራት የሚጠፋው በእኩለ ሌሊት ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ሙቀት አይችልም። ልጄ፣ በሥራ ቀን ማታ ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ አጠር አድርገህ ሥራ። እሑድ ንጋት ላይ ረዘም አድርገው።

ከቀኑ 8 ሰዓት የሄድከውን ግን ሁለተኛ እንዳትደግመው። ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የሚያርፍበት ሰዓት ላይ አንተ በነጻ ለምን ትቃጠላለህ?

ዕረፍት ቀንህ ላይ ካይት ቢች ሂድ፤ የስፖርት ብረት አለ፣ በባሕሩ ጥግ የተዘረጋው የሩጫ መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ነው። አል ባርሻ ኩሬው ዙሪያም መልካም ነው። ሙቀቱ ሲብስ ሞል ውስጥ ተራመድ። በ2025 ኦገስት ሞሎቹን ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ለስፖርተኛ በነጻ ከፍተው ነበር፤ ሰፈርህ ያለው ዴራ ሲቲ ሴንተርም አንዱ ነበር።

የደብረ ብርሃን ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እንዳሉት አደርጋለሁ። ሲስተር፣ የመጠጡንና የጾሙን ነገር ቢነግሩኝ? ጓደኞቼ በአንድ ጊዜ ሁለት ሊትር ገልብጥ ይሉኛል።

መልስ፦ ሲስተር ቲ

አይሆንም። በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ውሃ መጠጣት ራሱ አደጋ አለው፤ በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያቀጥነዋል። በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ በቂ ነው። ሚዛን ካገኘህ ከስፖርቱ በፊትና በኋላ ተመዘን። የጎደለህ ኪሎ ስንት ሊትር እንዳጣህ ይነግርሃል፤ አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ነው። ሽንትህ ጠዋት ላይ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ የዚያን ቀን አትሥራ። ከከባድ ስፖርት በኋላ እንደዚያ ከጠቆረ ደግሞ ጡንቻ ተጎድቶ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ሐኪም ቤት ሂድ።

ብዙ ካላበህ ጨው ያስፈልግሃል። በሶ በጥብጥ፣ ቆንጠር ጨውና ማር ጨምርበት። ከዚህ የተሻለ መጠጥ አልመክርህም። በሶ ካጣህ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሟ። እዚህ የሚሸጠው ለባንም ጥሩ ነበር፤ ለፍልሰታ ግን አይሆንህም፣ ወተት ነው።

በጾሙ ንጋት ላይ ስፖርት አትሥራ። ላብ አውጥተህ እስከ 9 ሰዓት ሳትጠጣ መዋል በዚህ ሙቀት አይሞከርም። የእሑዱንም ወደ ማታ አዙረው። 9 ሰዓት ላይ ስትገድፍ ጀምረህ እስከ ማታ ቀስ በቀስ ጠጣ። ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ቀለል ያለውን ትሠራለህ። ምስር፣ ሽሮ፣ ቴምር በደንብ ብላ። 15ቱን ቀን አቅም ለመጨመር አትጣር፤ ያለህን መጠበቅ ይበቃሃል።

መልስ፦ ጋሽ ታክሲው

ከበድ ካለህ ደግሞ የንስሐ አባትህን አማክር። ሥራህንም ሙቀቱንም ንገራቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከስፖርት መልስ ቀዝቃዛ ሻወር አገኛለሁ እንዳትል፤ በዚህ ወቅት ቀዝቃዛው ቧንቧ ራሱ የሞቀ ነው፣ ታንከሩ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። እኛ ቤት ቦይለሩን አጥፍተን በሙቁ ቧንቧ ነው የምንታጠበው። ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ ኤሲ ስለሚያገኘው ይበርዳል።

መልስ፦ የድሬ ልጅ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻህን አትሥራ። እኔም ዴራ ነኝ። ፍልሰታ እስኪገባ እሑድ እሑድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ባሕር ዳሩ ላይ እኔና ሁለት የአርባ ምንጭ ልጆች አለን። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ውሃህን ማታ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረህ ይዘህ ና።