ከአንበሳ ደቦሎች ጋር በበጎ ፈቃድ ለማገልገል ወደ ደቡብ አፍሪካ ልሂድ?

ጠያቂ (ሜሪላንድ)፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የዘንድሮ ዕረፍቴን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የዱር እንስሳትን በበጎ ፈቃድ በማገልገል ላሳልፍ አስቤያለሁ። ያገኘሁት ፕሮግራም በጎ ፈቃደኞች ወላጅ አልባ የአንበሳ ደቦሎችን በጡጦ እንደሚያጠቡ፣ ከፍ ያሉትንም በእግር እንደሚያንሸራሽሩ፣ ደቦሎቹ ሲጎለምሱ ደግሞ ወደ ዱር እንደሚለቀቁ ይገልጻል። ክፍያው ከበድ ይላል፤ ገንዘቡ በእርግጥ ለእንስሳቱ የሚውል ከሆነ ግን አይቆጨኝም። ያልገባኝ ነገር በአንድ ግቢ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ እናት የሌላቸው ደቦሎች እንዴት ሊገኙ እንደሚችሉ ነው። ትክክለኛውን ቦታ በምን መለየት ይቻላል? በጉዞዬ መንገድ አዲስ አበባ ቤተሰብ ጋ ጥቂት ቀናት ስለምቆይ፣ ከጤና አንጻር ማሰብ ያለብኝ ነገር ካለም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ (ጆሃንስበርግ)፦

እኅቴ፣ ጥርጣሬሽ ትክክለኛ ነው። በዚህ አገር በግል ይዞታዎች አጥር ውስጥ የሚረቡት አንበሶች ከ8,000 በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል፤ በዱር ያሉት የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞሉም። በተፈጥሮ ሕይወቷ እንስት አንበሳ ደቦሎቿን እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ስለምታሳድግ በመካከሉ ሌላ አትወልድም። በማራቢያዎቹ ግን ደቦሎቹ በተወለዱ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ከእናታቸው ይነጠላሉ፤ እሷም ማጥባቷን ስታቆም ወዲያው ዳግም ትፀንሳለች፤ ለጎብኚ የሚታቀፍ ደቦልም አይታጣም። «ወላጅ አልባ» የተባለው ደቦል እናት፣ ብዙውን ጊዜ እዚያው ግቢ ከሌላ አጥር ጀርባ በሕይወት አለች።

ደቦሉ ለማቀፍ የማይመች ሲሆን ለእግር ጉዞ ይውላል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ብዙዎቹ መውጫ በሌለው አጥር ውስጥ ገንዘብ ለከፈለ አዳኝ ይቀርባሉ፣ አጥንታቸውም ወደ እስያ ይሸጥ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. የፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት መንግሥት ለአጥንት ንግድ የወሰነው ኮታ ሕግን የተከተለ እንዳልሆነ ፈረደ። በ2021 ደግሞ የወቅቱ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ባርባራ ክሪሲ፣ መንግሥት አንበሳን በአጥር ውስጥ ማርባት እንዲያበቃ የቀረበለትን ምክር መቀበሉን አስታወቁ። አፈጻጸሙ ግን እጅግ አዝጋሚ ነው፤ ስለዚህ የበጎ ፈቃደኛ ገንዘብ ዛሬም ይህን ንግድ ሊደጉም ይችላል። ይህን ስጽፍልሽ ያሳዝነኛል፤ ወደ እነዚህ ቦታዎች የሚመጡት ወጣቶች አብዛኞቹ እንዳንቺው እንስሳትን ከልብ የሚወዱ ናቸውና።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም፣ ቢሾፍቱ)፦

ልጄ፣ በሙያዬ የማውቀውን ልጨምርልሽ። በሰው እጅ ያደገ አንበሳ ሰውን መፍራት ስለማይማር፣ ቢለቀቅ ወደ መንደርና ወደ ከብት በረት ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ «ሲያድጉ ይለቀቃሉ» የሚለው ተስፋ በጡጦ ላደጉ ደቦሎች አይሠራም። እውነተኛ መጠለያ እንስሳቱን አያራባም፣ አይሸጥም፣ በጎብኚም አያስነካም። የእኛው፣ በሆለታ አቅራቢያ የሚገኘው የእንሰሳ ኮቴ ማዕከል ከሕገ ወጥ ይዞታ የተወረሱ አንበሶችንና አቦ ሸማኔዎችን የሚንከባከበው በዚሁ መንገድ ነው። ዝንጀሮና ጦጣ መሰል እንስሳት ባሉበት ቦታ ጥንቃቄው የበለጠ መጥበቅ አለበት፤ ለምሳሌ በእስያዋ የቦርኒዮ ደሴት የሚገኙት ኦራንጉታን የተባሉ ትልልቅ ጦጣ መሰል እንስሳት ከሰው ጉንፋንና የሳንባ ነቀርሳ ይይዛቸዋል።

ለፕሮግራሙ አንድ ጥያቄ ጻፊላቸው፤ ከሦስት ዓመት በፊት በጡጦ ያደጉት ደቦሎች ዛሬ የት ናቸው? ቦታውን በስም ካልነገሩሽ አትሂጂ። ግሎባል ፌዴሬሽን ኦፍ አኒማል ሳንክቹዋሪስ የተባለው ተቋም የመረመራቸውን መጠለያዎች በድረ ገጹ ስለሚዘረዝር እሱንም ተመልከቺ።

ጤናን በተመለከተ፣ ደቡብ አፍሪካ ከኢትዮጵያ ከሚገባ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች፤ አዲስ አበባ ስለምትቆዪ ይህ አንቺንም ይመለከታል። ከጡት አጥቢ እንስሳት ጋር ለመሥራት ከሆነ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባትን አስቀድመሽ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት።

ጠያቂ፦

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ወንድሜ ከጆሃንስበርግም አመሰግናለሁ። ጥያቄውን ልኬ ነበር፤ የመጣልኝ መልስ «ወደ ተለያዩ አጋር ይዞታዎች ተዛውረዋል» የሚል ብቻ ነው። ስለዚህ ትቼዋለሁ። እንስሳቱን ሳይነኩ የሚጠቅም ሥራ የሚሠራበት ቦታ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።

መልስ (ቶሮንቶ)፦

እኅቴ፣ የባሕር ዔሊዎችን አስቢባቸው። በኮስታ ሪካ የቶርቱጌሮ ባሕር ዳርቻ፣ በ1959 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሲ ተርትል ኮንሰርቫንሲ የዔሊዎቹን እንቁላል አጣጣል ለአሥርት ዓመታት ሲመዘግብ ኖሯል፤ በጎ ፈቃደኞችንም ይቀበላል። አረንጓዴ የባሕር ዔሊዎች በብዛት የሚወጡት ከሰኔ እስከ ጥቅምት ነው። ሥራው በሌሊት በአሸዋ ላይ ረጅም ርቀት መጓዝ፣ ዔሊዋ መጣል ስትጀምር እንቁላል መቁጠርና የድንጋይ ልብሷን መለካት ነው፤ ዝናቡም አይለይም። ነጭ መብራትና ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ብርሃን ዔሊዋን ሳትጥል ወደ ባሕር ይመልሳታልና፣ የሚፈቀደው ደብዛዛ ቀይ መብራት ብቻ ነው። እኔ የሠራሁት በዚያው አገር በሌላ ባሕር ዳርቻ ሲሆን፣ ስፓኒሽ ባልናገርም ሥልጠናው በእንግሊዝኛ ስለነበር አልተቸገርኩም። ጥቁር ልብስና በአሸዋ ላይ የማይጎዳሽ ዝግ ጫማ ያዢ፤ ቦታውም ቶሎ ስለሚሞላ ከወራት በፊት አመልክቺ።