ዓይኗ አብጦ የተዘጋ የውሃ ኤሊ ምን ላድርግላት?

ጠያቂ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ኤሊ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ከ4 ዓመት ልጄ ጋር የሀበሻ ቤት ቤዝመንት ተከራይቼ ነው የምኖረው። ቅዳሜ ዕለት ልብስ ላጥብ ስገባ ከማድረቂያው ኋላ የከረመ ዓሣ ዓይነት ሽታ ሸተተኝ። ፎጣ ጣል የተደረገበት የፕላስቲክ ሳጥን አገኘሁ። ፎጣውን ሳነሳው አረንጓዴ ውሃ፣ ውሃው ውስጥ ደግሞ ኤሊ። የአከራዬ ልጅ ነሐሴ ላይ ኮሌጅ ሲገባ ትቷት ሄዶ ነው፤ አሁን የካቲት ነው። እትዬን ስጠይቃቸው «ትዝ ሲለኝ ደረቅ ሽሪምፕ እበትንላታለሁ፤ ኤሊ ደግሞ ሌላ ምን ትፈልጋለች?» አሉኝ። ቆይተው አፈር አሉና «ከከበደሽ ወንዝ ወስደሽ ልቀቂያት» አሉ። ክፉ ሴት አይደሉም፣ ልጃቸው የጣለባቸው ነገር ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ቅርፊቷ በማስመሪያ ስለካው 14 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር አላት። ሁለቱም ዓይኖቿ ተዘፍዝፎ የከረመ ሽምብራ መስለው አብጠው ተዘግተዋል። የቅርፊቷን ዳር በጣቴ ጫን ሳደርገው እንደ እርጎ ዕቃ ክዳን እሺ ይላል። ከሆዷ በኩል የጥፍሬን የሚያህል ነጭ ነገር አለ፣ ሽታውም ከእሱ ይመስለኛል። አንዳንዴ አፍንጫዋ ላይ አረፋ ይታያል። ሰላጣም ጥሬ ሥጋም ሰጠኋት፣ ዞራም አላየችው። ክፍሉ 64 ፋራናይት (18 ሴልሺየስ ገደማ) ነው፣ መብራትም የላትም። ለጊዜው መስኮት ዳር ፀሐይ እንዲያገኛት አድርጌያታለሁ።

እኔ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ነው የምሠራው። ሰው ማገላበጥና ማጉረስ 8 ዓመት ሠርቼበታለሁ፣ ኤሊ ግን በእጄ ነክቼ አላውቅም። ትድናለች? ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የክሊኒኳ ረዳት (ሲያትል)

እህቴ፣ የእንስሳት ክሊኒክ ቴክኒሺያን ነኝ፣ እንዲህ ያለ ኤሊ በዓመት ብዙ ጊዜ ይመጣልናል። ቀይ ጆሮ ስላይደር የሚሏት ናት፤ የጻፍሽው ቀይ መስመር እሱ ነው። ብዙዎቹ ይድናሉ። ግን ዛሬ ምግቡን ተዪው።

ሰው ሲታመም «አንድ ጉርሻ ብቻ» ማለት ልማዳችን ነው። ኤሊ ግን የራሷ ሙቀት የላትም፤ ሰውነቷ የሚሠራው አካባቢዋ የሚሰጣትን ሙቀት ይዞ ነው። በ64 ፋራናይት ሆዷ ቆሟል ማለት ይቻላል። በግድ ብታጎርሻት ምግቡ ሳይፈጭ ውስጧ ይበሰብሳል። መድኃኒት እንኳ ቀዝቃዛ ሰውነት ውስጥ በደንብ አይሠራም። ስለዚህ መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ምግብ መጨረሻ።

ዛሬ ማታ እንዲህ አድርጊ። ሰፊ የፕላስቲክ ሳጥን ፈልጊ፣ እርጥብ ፎጣ አንጥፊበት፣ ከአንዱ ጫፍ በላይ ተራ የሙቀት አምፖል አብሪ። ከአምፖሉ ሥር ያለው ቦታ 85 ፋራናይት ገደማ ይሁን፣ ማለት 29 ሴልሺየስ። በእጅሽ አትገምቺ፣ ቴርሞሜትር አስቀምጪ። ሌላውን ጫፍ ቀዝቀዝ እንዲል ተዪው፣ ሲሞቃት የምትሸሽበት ይኑራት። ጠዋትና ማታ ለግማሽ ሰዓት ለብ ያለ ንጹህ ውሃ ውስጥ አስቀምጫት፤ ጥልቀቱ ከአገጯ አይለፍ። ደክማለች፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ የውሃ ኤሊም ትሰምጣለች። እዚያ ውስጥ ስትጠጣ ታያለሽ።

ዓይኗ ያበጠው ባብዛኛው በቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። ደረቅ ሽሪምፕ ብቻ ስትበላ የዓይኗ ዕጢዎች ሽፋን ይደድርና ይደፈናል፣ የዓይኗ ቆብም ይነፋል። ስላይደር ደግሞ ምግቧን በዓይኗ ነው የምትፈልገው፣ ካላየች አትበላም። ሱቅ ያለው የኤሊ ዓይን ጠብታ ሥሩን አይነካውም። ቫይታሚን ኤ በኦንላይን አዘሽ በራስሽ እንዳትሰጫትም አደራ፤ ሲበዛ ቆዳዋ ይላጣል።

የአፍንጫው አረፋ ግን ነው ያሳሰበኝ። ሳንባዋ ታሞ ሊሆን ይችላል። ስትዋኝ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች? አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች? በዚህ ሳምንት ሐኪም ማየት አለባት፣ ይህን በቤት አትወጪውም። ውሻና ድመት ብቻ የሚያክም ክሊኒክ ብትደውዪ «ኤሊ አናይም» ሊሉሽ ይችላሉ፣ ቅር አይበልሽ። የተሳቢና የእንቁራሪት ዘር እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ድረ ገጽ ላይ በየአካባቢው ሐኪም መፈለጊያ አለ፣ ከእሱ ጀምሪ።

መልስ፦ ጋሼ ከሳሪስ (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ግቢዬ ውስጥ ኤሊ ይዤ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ውሃ ውስጥ ምን አስገባት? ከውሃው አውጪያትና ደረቅ መሬት ላይ ፀሐይ ይምታት። ጎመንና የቁልቋል ፍሬ ስጫት። ለሳሳው ቅርፊት ደግሞ ለጋ ቅቤ ቀቢው፣ ያጠነክረዋል።

መልስ፦ የክሊኒኳ ረዳት (ሲያትል)

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ለእርስዎ ኤሊ ትክክል ነው። የአገራችን ባለ ነጠብጣቧ የየብስ ኤሊ ቅጠልና ሣር በል ናት፣ ጥልቅ ውሃ ብትገባ ትሞታለች። ይቺ ግን የውሃ ናት፤ ጣቶቿ መካከል እንደ ዳክዬ ስስ ቆዳ አላት፣ ከውሃ ውጭ ምግብ መዋጥ እንኳ አይሆንላትም።

ቅቤውን ግን ለሁለቱም ይተዉት። ቅርፊት ሕይወት ያለው አካል ነው፣ ከሥሩ አጥንት አለ። ቅባት ሲቀቡት ቆሻሻና ባክቴሪያ ይይዛል። የሚሳሳውም ላዩ ደርቆ ሳይሆን ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ3 ሲያጣ ነው፤ አጥንቱ ከውስጥ ይሟሟል።

መልስ፦ ጋሼ ከሳሪስ (አዲስ አበባ)

እግዜር ይስጥሽ። 20 ዓመት ሙሉ በየፋሲካው ስቀባት ኖሬያለሁ፣ እሷም ችላኝ ኖራለች ማለት ነው።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

4 ዓመት ልጅ አለችኝ ስትዪ ደነገጥኩ። ኤሊ ሳልሞኔላ ትይዛለች፣ ጤነኛ የምትመስለውም ጭምር። በአሜሪካ ቅርፊቷ ከ4 ኢንች ያነሰ ኤሊ መሸጥ ከ1975 ጀምሮ የተከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ልጆች አፋቸው ውስጥ ይከቷት ነበር። የእኔ ሁለተኛ ልጅ ከዘመድ ቤት ኤሊ ነክቶ ሳምንት ተኝቷል።

ሳጥኑን በምንም ዓይነት ኩሽና ሲንክ ውስጥ እንዳታጥቢ። ውሃውን ሽንት ቤት ድፊው፣ ለእሷ ብቻ የሚሆን ባልዲና ብሩሽ ለዪ። ከነካሻት በኋላ በሳሙና ታጠቢ። ልጅሽ ታያት እንጂ አትንካት፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉት ላይ ነው የሚበረታው።

መልስ፦ የስቶክሆልሙ

እትዬ ስላሏት ወንዝ አንድ ነገር ልጨምር። የዚህች ኤሊ መነሻ የሚሲሲፒ ወንዝና ገባሮቹ ናቸው፤ ቨርጂኒያ ለእሷ ባዕድ አገር ነው። ሰው እየሰለቸው ሲለቃት ያገሬውን ኤሊዎች ፀሐይ መሞቂያና ምግብ ትቀማለች፣ በሽታዋንም ታጋባለች። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 ከወራሪ እንስሳት ዝርዝር አስገብቷት መሸጥም ማርባትም ተከልክሏል። ያንቺ ደግሞ ዓይኗ የማያይ በሽተኛ ናት፣ በየካቲት ውሃ ብትለቂያት አታድርም።

ጠያቂ

ሁላችሁም ተባረኩ። ሳጥንና አምፖል ገዛሁ፣ ቴርሞሜትሩ 86 ይላል። ለብ ባለው ውሃ ውስጥ ሳስቀምጣት አንገቷን ዘርግታ ጉሮሮዋ ለረጅም ጊዜ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ እየጠጣች ነው መሰለኝ፤ እንባዬ መጣ። ሐኪም ሐሙስ 11 ሰዓት ቀጠሮ ሰጥቶኛል። የመስኮቱ ፀሐይ ይበቃታል ወይስ ሌላ አምፖል ያስፈልጋል? የሆዷን ነጭ ነገርስ ልፋቀው?

መልስ፦ የክሊኒኳ ረዳት (ሲያትል)

መስኮቱ አይበቃም፤ ዲ3 የሚያሠራት ዩቪቢ የሚባለው ጨረር በመስታወት አያልፍም። ዩቪቢ አምፖል ለብቻው ግዢ፣ በቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል ይብራ። ከፊቱ መስታወት ወይ ፕላስቲክ አይኑር። ብርሃኑ እያለ ጨረሩ ስለሚያልቅ በየ6 ወሩ፣ ቢዘገይ በዓመቱ ቀይሪው።

ነጩን አትፋቂው። ለብ ባለ ውሃ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጥቢውና ቤታዲን የሚባለውን የቁስል ማጽጃ ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ አቅጥነሽ ንኪው፤ እስኪደርቅ ጠብቀሽ መልሺያት። ሐኪሙ በደንብ ያየዋል። ስትሄጂ በካልሲ በተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ አጠገብ አድርገሽ ውሰጃት፣ መኪና ውስጥ እንዳይበርዳት።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የኩሽና ሚዛን ካለሽ ፌስታል አንጥፈሽ መዝኛትና ግራሙን ጻፊ። መዳኗንም አለመዳኗንም ከዓይኗ ቀድሞ የሚነግርሽ ሚዛኑ ነው።

ጠያቂ

ከሐኪም ተመለስን። 355 ግራም፣ ለቁመቷ ከሲታ ነው አሉኝ። ራጅ ተነሣች፤ ቀኝ ሳንባ ላይ ኢንፌክሽን፣ አጥንቷ የሳሳ፣ ቅርፊቷ ላይ ብስባሴ ጀምሯል ግን ጥልቅ አይደለም። ቫይታሚን ኤ እዚያው በመርፌ ሰጧት። ሴፍታዚዲም የሚባል አንቲባዮቲክ ደግሞ በየ3 ቀኑ 6 መርፌ፣ ክንዷ ላይ እኔው እንድወጋ። በየመርፌው ተቀድቶ ተሰጠኝ፣ ፍሪዘር ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እትዬ ፍሪዘር ከፍተው ከበርበሬው ጎን የመርፌ ከረጢት ሲያዩ ጮኹ፣ «ምን ነክቶሽ ነው?» ብለው ወረዱ። ሁሉንም አሳየኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና ዋጋውን ጠየቁኝ፣ ግማሹን ከኪራዬ ቀነሱልኝ።

ደግሞ ሌላ ጉድ፦ ኤሊዋ ወንድ ነው። የፊት ጥፍሮቹ ረጃጅም፣ ጅራቱም ወፍራም ነው፣ ሐኪሙ ሲያየው ሳቀ። አሁን እንዴት ልጥራው?

መልስ፦ የክሊኒኳ ረዳት (ሲያትል)

ስሙን ልጅሽ ታውጣ።

ክንዱ ላይ የሚወጋው መድኃኒቱ በኋላ እግር ከገባ ወደ ኩላሊት ቀድሞ ስለሚሄድ ነው፤ አንድ ጊዜ ግራ አንድ ጊዜ ቀኝ እያልሽ ቀያይሪ። ተሽሎት ቢታይሽም 6ቱንም ጨርሺ። በርትቶ መዋኘት ሲችል ቋሚ ቤት ያስፈልገዋል። ልኩ ለአንድ ኢንች ቅርፊት 10 ጋሎን ውሃ ነው፤ የእሱ 14 ሳንቲ ሜትር 5.5 ኢንች ስለሆነ 55 ጋሎን ገደማ። የመስታወት ገንዳ ውድ ከሆነ ትልቅ የዕቃ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ያው ነው፣ እሱ ቁንጅናውን አያይም። ፊልተሩ ገንዳው ከሚይዘው እጥፍ የሚያጣራ ይሁን። ውሃው እስኪያገግም 80 ፋራናይት ገደማ፣ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ የሚደርቅበት መድረክም ይኑረው፤ ቅርፊት ካልደረቀ ብስባሴው ይመለሳል። ለቧንቧው ውሃ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ አለ።

ምግብ ሲጀምር ዋናው የኤሊ እንክብል መኖ ነው። አትክልት ከፈለግሽ ሩቅ አትሂጂ፤ እኛ ጎመን ብለን የምንሠራው ኮላርድ ግሪን ካልሲየሙ ብዙ ነው። በጥሬው፣ ቅመምና ዘይት ሳይነካው። የተፈቀፈቀ ካሮት ጨምሪበት። ስፒናች ካልሲየሙን አስሮ ይይዛል፣ ነጩ የአይስበርግ ሰላጣ ደግሞ ውሃ ብቻ ነው። ለወፍ የሚሰቀለውን ካትልቦን (ካልሲየም ያለው የባሕር እንስሳ ነጭ አጥንት) ጣይለት፣ ሲፈልግ ይፍቀዋል። ጥሬ ሥጋ፣ ዳቦና እንጀራ አይሆንም።

ጠያቂ (ከ5 ሳምንት በኋላ)

ይቅርታ፣ በሥራ ተወጥሬ ቆየሁ። መርፌው አልቋል። በ11ኛው ቀን ግራ ዓይኑ እንደ ክር ቀጭን ተከፈተ፣ ቀኙ ከሳምንት በኋላ። የመጀመሪያ ምግቡን የበላው ከሌሊት ሥራ ገብቼ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አንድ የካሮት ፍቅፋቂ በወረንጦ ውሃው ውስጥ አወዛወዝኩለት። አንገቱን ቀስ ብሎ አወጣ፣ ቆመ፣ ከዚያ ጠቅ! ስቶት ወረንጦውን ነከሰ። በሁለተኛው ያዘው። ትናንት 381 ግራም ነበር። አረፋው ጠፍቷል፣ የቅርፊቱ ዳር አሁንም ትንሽ እሺ ይላል ግን እንደ ድሮው አይደለም። እትዬ ጎመን ሲቀነጥሱ ግንጥል ግንጥሉን በሰሃን ያወርዱለታል፤ የተቀቀለ እንዳልሆነ በየቀኑ አጣራለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ከጀርባው ላይ ስስ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር እየተነሣ ነው። ቤታዲኑን ልመልስ?

መልስ፦ የክሊኒኳ ረዳት (ሲያትል)

አትመልሺ። እያደገ ነው፣ ስላይደር የላይኛውን ሽፋን እንዲህ ይጥላል። ከሥሩ ያለው ጠንካራና ሽታ የሌለው እስከሆነ ድረስ ምንም አይደለም። በጣትሽ እንዳትልጪው፣ ውሃ ውስጥ በራሱ ይወድቃል።

ጠያቂ

እሺ፣ አልነካውም። ልጄ ግን ሲወድቅ ስጪኝ ብላ ገንዳው ሥር ተቀምጣለች። ታጥቦ ቢሰጣት ችግር አለው?

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

አለው! ፎቶ አንሺላት።