«ኦን ዘ ሮክስ» የተባለ ትዳር ጸንቷል ወይስ ተናግቷል?

ጥያቄ፦
አንድ አጭር ልቦለድ ከእንግሊዝኛ እየተረጎምሁ ሳለ የባልና ሚስቱ ትዳር «ኦን ዘ ሮክስ» ነው የሚል ዐረፍተ ነገር አጋጠመኝና «ትዳራቸው በዐለት ላይ የቆመ ነው» ብዬ ጻፍሁ። በሚቀጥለው ገጽ ግን ሁለቱም የፍቺ ጠበቃ ሲፈልጉ አገኘኋቸው። የተሳሳትሁት የቱ ላይ ነው? ሙሽራው በሠርጉ ዋዜማ «ኮልድ ፊት» (ቃል በቃል «ቀዝቃዛ እግሮች») ያዘው የሚለውንም «ፍቅሩ ቀዘቀዘ» ብዬዋለሁና እባካችሁ እሱንም እዩልኝ።

መልስ 1፦
ያሳሳተዎት አማርኛዎ ነው። እኛ ዐለት ሲባል የሚታየን ወንጌሉ እንደሚለው ጎርፍና ነፋስ የማይጥለው የቤት መሠረት ሲሆን፣ የእንግሊዝኛው አነጋገር ግን ከባሕር የመጣ በመሆኑ ዐለቱ መርከብ ተላትሞ የሚሰበርበት ነው። ስለዚህ የጻፉት የትርጉሙን ተቃራኒ ነው፤ «ትዳራቸው ሊፈርስ ተቃርቧል» ቢሉት ይሻላል። «ኮልድ ፊት» ደግሞ ፍርሃት እንጂ የፍቅር መቀዝቀዝ አይደለም፤ እጮኛውን ከልቡ የሚወድ ሰውም ሊይዘው ይችላል። ለሠርግ ብቻ የተወሰነም አይደለም፤ ውል ሊፈርም ሲል ላመነታ ነጋዴም ይነገራል።

መልስ 2፦
ከትርጉሙ በተጨማሪ የአነጋገሩን ለዛ ቢያጤኑ መልካም ነው። «ታይ ዘ ኖት» እና «ጌት ሂችድ» ሁለቱም ማግባት ማለት ናቸው፤ የመጀመሪያው ቋጠሮ ማሰር ስለሆነ «ቃል ኪዳን አሰሩ» ከሚለው ብዙም አይርቅም፣ ሁለተኛው ግን ፈረስን ከጋሪ ጋር ከማያያዝ የመጣ፣ ቀልድ ያዘለ አነጋገር ስለሆነ በክብር መጥሪያ ላይ አይጻፍም። «ሻትገን ዌዲንግ» (ቃል በቃል «የጠመንጃ ሠርግ») ሲያጋጥምዎትም ጠመንጃ አይፈልጉ። የልጅቱ አባት ጠመንጃ ደቅኖ ያስረገዛትን ሰው እንዲያገባት ማስገደዱን የሚያሳይ ምስል ቢሆንም፣ ዛሬ በእርግዝና ምክንያት በጥድፊያ ለተፈጸመ ጋብቻ፣ አልፎ ተርፎም ሳይዋደዱ ለተጣመሩ ፓርቲዎች ይውላል።

መልስ 3፦
ምስሉን ሁልጊዜ መጣል ግን አይገባም ባይ ነኝ። «ቤተር ሃፍ» ለትዳር ጓደኛ ሲነገር እንግሊዛዊው ገጣሚ ፊሊፕ ሲድኒ በጻፈውና በ1590 እ.ኤ.አ. በታተመው «አርካዲያ» በተባለው የፍቅር ታሪክ ውስጥ ይገኛል፤ እዚያ ቁም ነገር ነው፣ ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፈገግታ አይለየውም። «የተሻለው ግማሼ» ቢባል አንባቢ ያለ ችግር ይረዳዋል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ሊፈርስ ተቃርቧል» እና «ፍርሃት ያዘው» ብዬ አርሜያለሁ፤ ሙሽራው ለካ እስከ መጨረሻው ይወዳት ነበር፣ የቀሩትን ምዕራፎችም በዚህ ዐይን እንደገና ማንበብ ሊኖርብኝ ነው።