የቤልፋስቱ (ሰሜን አየርላንድ) ክራውን መጠጥ ቤት ባለቤቱ ማነው?

ጠያቂ (ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ)፦ ሰላም ወገኖች። ክራውን ሊከር ሳሎን የማን ነው? አንዱ ናሽናል ትረስት ይላል፣ ሌላው ኒኮልሰንስ።

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው ወንድሜ። ሕንጻው ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የናሽናል ትረስት ነው፣ ቅርስ የሚጠብቅ የበጎ አድራጎት ድርጅት። ኒኮልሰንስ የሚባለው የመጠጥ ቤቶች ድርጅት ደግሞ ተከራይቶ መጠጡን ይሸጣል።

መልስ፦ ውስጡን ማየት ነው! ፓትሪክ ፍላኒጋን በ1885 እ.ኤ.አ. አሳድሶት ነው እንዲህ ያማረው። ሸክላ ንጣፉና ባለቀለም መስታወቱ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ የመጡ የጣሊያን ባለሙያዎች እጅ ነው ይባላል። በር ያላቸው 10 ጠባብ የእንጨት ክፍሎች አሉት፤ በየክፍሉ አስተናጋጅ መጥሪያ ደወል፣ ክብሪት መጫሪያ የብረት ሳህን ሳይቀር። መብራቱ ጋዝ ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እዚህ አሮጌ ቡና ቤት ሲሸጥስ ቤቱ ነው ወይስ ንግዱ ብቻ የሚሸጠው፣ በምን ይለያል?

መልስ፦ ንግድ ፈቃዱን አይተህ ቤቱን ገዛሁ እንዳትል። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሁሉ ተወርሷል፤ ወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። ስለዚህ መጀመሪያ ካርታ ጠይቅ። የኪራይ ውል ብቻ ካወጣልህ፣ ሊሸጥልህ የሚችለው ዕቃውን እንጂ ግድግዳውን አይደለም።