የ1927ቱ ዋንጫ ለቶሪኖ ይመለስ? የአሌማንዲ ጉዳይ

አወያይ፦ የምንከራከረው በሉዊጂ አሌማንዲ ጉዳይ ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጁን 5 ቀን 1927 የቱሪን ከተማው እግር ኳስ ክለብ ቶሪኖ በደርቢ የከተማውን ተቀናቃኝ ጁቬንቱስን 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በውድድሩ መጨረሻም የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ። ኋላ ግን አንድ የቶሪኖ ኃላፊ ለጁቬንቱሱ ተከላካይ ለአሌማንዲ 50,000 ሊሬ ጉቦ ቃል ገብቶ ግማሹን አስቀድሞ ከፍሏል ተባለ። የጣሊያን እግር ኳስ ፌዴሬሽን በኖቬምበር ዋንጫውን ነጠቀ፤ ተጫዋቹንም ዕድሜ ልኩን አገደ። ቶሪኖ ዛሬም ይመለስልኝ ይላል። ይመለስ?

የቶሪኖ ደጋፊ፦ ይመለስ እንጂ! ጉቦ በላ የተባለው ሰው በዚያ ቀን ግሩም ተጫውቷል። ቀሪውን 25,000 ሊሬ የተከለከለውም ለዚህ ነው ተብሏል። ታዲያ የተሸጠው ጨዋታ የቱ ነው?

የሕግ ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ ተቀባዩ ቃሉን ስላልጠበቀ ሰጪው ንጹሕ አይሆንም። የክለቡ ሰው ገንዘብ ከሰጠ ጥፋቱ ያን ጊዜውኑ ተፈጽሟል።

መምህር፦ «ከሰጠ» አሉ፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ማስረጃው ምን ነበር? በአንድ የኪራይ ማረፊያ ቤት ውስጥ የተሰማ ጭቅጭቅ፣ አገናኝ ነበር የተባለ አንድ ተማሪ፣ ከቆሻሻ ተለቅመው የተገጣጠሙ የደብዳቤ ቁርጥራጮች። አሌማንዲ ደግሞ ክዷል። ፍርዱን የሰጠው የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሌአንድሮ አርፒናቲ የፋሺስት ሹም፣ በዚያው ላይ የቦሎኛ ከተማ አስተዳዳሪ ነው። ሁለተኛ የወጣው ማን ነበር? የቦሎኛ ክለብ! በእንዲህ ያለ ዳኛ የተሰጠን ፍርድ ዓይኔን ጨፍኜ አልቀበልም።

የሕግ ባለሙያ፦ መምህር፣ አርፒናቲ ዋንጫውን ለቦሎኛ አልሰጠም እኮ። የዚያ ዓመት ሻምፒዮንነት እስከ ዛሬ ባለቤት የለውም። ለከተማው ቢያደላ ኖሮ ማን ይከለክለው ነበር?

መምህር፦ እሱ እውነት ነው፤ አልክድም። ቢሆንም የዳኛው ገለልተኛነት ማስረጃውን አያጠነክረውም።

የቶሪኖ ደጋፊ፦ በ1928 ጣሊያን በአምስተርዳም ኦሊምፒክ በእግር ኳስ ነሐስ ስታገኝ ለአሌማንዲ ምሕረት ተደረገለት። ወደ ኢንተር ክለብ ሄዶ በ1930 ሻምፒዮን ሆነ። በ1934 በአሠልጣኝ ቪቶሪዮ ፖዞ የጣሊያን ብሔራዊ ቡድን የግራ ተከላካይ ሆኖ ቼኮዝሎቫኪያን ሮም ላይ አሸንፎ የዓለም ዋንጫ አነሣ! ለሰውየው የተከፈተ በር ለክለቡ ለምን ይዘጋል?

የሕግ ባለሙያ፦ ምሕረት ቅጣትን ያነሣል እንጂ ጥፋት አልነበረም አይልም። ዋንጫው እንዲመለስ ክሱ ሐሰት መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ያ ደግሞ አልተረጋገጠም።

መምህር፦ እውነት መሆኑስ መቼ ተረጋገጠ?

የሕግ ባለሙያ፦ በ1928 የቶሪኖ አጥቂዎቹ እነ ባሎንቺዬሪ፣ ሊቦናቲና ሮሴቲ ሻምፒዮን ሆነው አሳይተዋል። ክብራቸውን ማንም አልቀማቸውም።

የቶሪኖ ደጋፊ፦ በ1927ም ያጠቁት እነዚሁ ሦስቱ ነበሩ። ጉቦ ሰጡ ያላቸው የለም። የላባቸው ዋጋ ግን ከኃላፊው ጋር አብሮ ተሰረዘ።