ሜሞሪ ውስጥ ካለ ዝርዝር የሚወጣ ሪፖርት፦ ድምሩ ከረድፎቹ ጋር አልገጥም አለኝ

ጠያቂዋ

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ሳምንት የታገልኩትን ችግር ይዤ ቀርቤያለሁ። ቀንጭቤ ብጠይቅ መልሱም ቅንጭብ ስለሚሆንብኝ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

በሲ ሻርፕና በዊንዶውስ ፎርምስ የሠራሁት የማሽን ጥገና መከታተያ ፕሮግራም አለኝ። ዳታቤዝ የለውም። ሲከፈት ኤክስኤምኤል ፋይል ያነባል፣ የጥገና ትእዛዞቹን በሙሉ ሜሞሪ ውስጥ በአንድ ዝርዝር ይይዛል። እያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ኦብጀክት ነው፤ በውስጡ ማሽኑ፣ ባለሙያው፣ ለመንገድ የወጣው ደቂቃ እና የተሠሩት ሥራዎች አሉ። እያንዳንዱ ሥራ ደግሞ የራሱ መግለጫና የፈጀው ጊዜ አለው።

በየወሩ መጨረሻ ይህ ሁሉ ታትሞ ይፈረምበታል፤ በክፍል ተመድቦ፣ በትእዛዝ ተከፍሎ፣ ከሥሩ ጠቅላላ ሰዓቱ ተደምሮ። ለዚህ ሪፖርት ቪውወር የሚባለውን የማይክሮሶፍት የሪፖርት ማሳያ፣ የሪፖርቱን ቅርጽ ከሚይዘው አርዲኤልሲ ፋይል ጋር መረጥኩና ዝርዝሩን እንዳለ ሰጠሁት።

የትእዛዙ ቁጥርና ቀኑ በትክክል ወጡ። የማሽኑ ስም መውጣት ባለበት ዓምድ ግን ከላይ እስከ ታች የስህተት ምልክት ብቻ ታተመ። ሥራዎቹን ከየትእዛዛቸው ሥር መዘርዘርም አልተሳካልኝም። እነዚህን ሁለቱን ቢያንስ በዓይኔ አያቸዋለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ሦስተኛው ነው።

ፕሮግራሙ በየ30 ሰከንዱ ከጋራ ፋይል አዲስ መረጃ እያነበበ ኦብጀክቶቹን ያድሳል። ሪፖርቱ በመዘጋጀት ላይ እያለ አንዳንድ ጊዜ «ክምችቱ ተለውጧል» የሚል ስህተት አምጥቶ ይቆም ነበር። ስለዚህ ዝርዝሩን ቱሊስት በሚባለው የሲ ሻርፕ የመቅጃ ተግባር ቀድቼ ቅጂውን ለሪፖርቱ ሰጠሁት፤ ስህተቱም ጠፋ። ነገር ግን ባለፈው ወር ወረቀት ላይ፣ በኮድ አስልቼ በመጀመሪያው ገጽ ያወጣሁት ጠቅላላ ሰዓትና በመጨረሻው ገጽ ሪፖርቱ ራሱ የደመረው ሰዓት በ45 ደቂቃ ተለያዩ። የሚፈርሙት ኃላፊ በእርሳስ ሲደምሩ አግኝተውት መለሱልኝ። ሰው ስሙን የሚያኖርበት ወረቀት ነው፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ማቅረብ ያሳፍራል።

የታየኝ መላ፣ ሪፖርት በተፈለገ ቁጥር መረጃውን ጊዜያዊ ዳታቤዝ ላይ ጽፌ ከዚያ ማንበብ ነው። ሌላ መንገድ የለም?

ነባር ባለሙያ

እኅቴ፣ ዳታቤዝ አያስፈልግሽም። ከጠየቅሽው ሁሉ ዋናው ቱሊስት ላይ ያለው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ቱሊስት የቀዳልሽ ዝርዝሩን ብቻ ነው። የአዲሱ ዝርዝር ረድፎች የሚያመለክቱት እነዚያኑ ኦብጀክቶች ነው። የቤቶችን አድራሻ ከአንድ ደብተር ወደ ሌላ ብትገለብጪ ቤቶቹ ሁለት አይሆኑም፤ አንዱ ቤት ቀለም ሲቀየርለት በሁለቱም ደብተር የተጻፈው ቤት ተቀይሯል። «ክምችቱ ተለውጧል» የሚለው ስህተት የጠፋው ከቅጂው ላይ ማንም ረድፍ ስለማይጨምርና ስለማይቀንስ ነው። የኦብጀክቶቹ ይዘት ግን አሁንም በየ30 ሰከንዱ ይለወጣል። ስህተቱ ሲታይ የነበረው ማስጠንቀቂያ ነበር። አሁን ማስጠንቀቂያው ቀርቶ ጉዳቱ ብቻ ቀረ፤ እኔ ከሁለቱ የምፈራው ይህን ነው።

ሪፖርት ቪውወር ሥራውን የሚሠራው ከስክሪኑ ትሬድ (ፕሮግራሙ ሥራውን ከሚያስኬድበት መስመር) ውጭ፣ ከበስተኋላ መሆኑንም አትርሺ። ሪፖርቱ ረድፎቹን እያነበበ ሳለ የአንቺ ታይመር በስክሪኑ ትሬድ ላይ ኦብጀክቶቹን ያድሳል። በኮድ ያሰላሽው ድምር ከመታደሱ በፊት የነበረውን ይዟል፣ የሪፖርቱ ድምር ደግሞ ከታደሰ በኋላ ያለውን።

መፍትሔው ለሪፖርቱ ብቻ የሚያገለግል አንድ ቀላል ክላስ (የኦብጀክት ቅርጽ) መጻፍ ነው። የሪፖርት ረድፍ በዪው። በውስጡ ሌላ ኦብጀክት አይኑር፤ ቁጥር፣ ቀንና ጽሑፍ ብቻ ይያዝ፦ ክፍል፣ የትእዛዝ ቁጥር፣ ቀን፣ የማሽን ስም፣ የባለሙያ ስም፣ የሥራ መግለጫ፣ ደቂቃ። ተጠቃሚው «ሪፖርት» የሚለውን ሲጫን፣ እዚያው በስክሪኑ ትሬድ ላይ፣ በአንድ ዙር ትእዛዞቹን አንብበሽ እሴቶቹን ወደ ረድፎቹ ቅጂ። የዊንዶውስ ፎርምስ ታይመር የሚሠራው በዚያው ትሬድ ስለሆነ ቅጂው እስኪያልቅ ጣልቃ አይገባም። ጥቂት ሺህ ረድፍ መቅዳት ለዓይን የማይታወቅ ጊዜ ነው የሚፈጀው። የገጽ አንዱንም የመጨረሻውንም ድምር ከእነዚህ ረድፎች ብቻ አውጪ፤ ከዋናው ዝርዝር ምንም አታስልዪ።

የማሽኑ ስም ላይ የመጣው የስህተት ምልክትም በዚሁ ይጠፋል። ሪፖርቱ «ትእዛዝ፣ ከዚያ ማሽን፣ ከዚያ ስም» ብሎ በውስጥ ወዳለ ኦብጀክት እንዲገባ ስትጠይቂው፣ የውስጡ ክላስ ሲሪያላይዘብል (ይዘቱ ተገልብጦ ሊተላለፍ የሚችል) ተብሎ ካልተሰየመ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋል። ይህን ስያሜ ክላሱ ላይ ብትለጥፊ ይሠራ ይሆናል፤ ነገር ግን ስሙ እንደ ተራ ጽሑፍ ረድፉ ላይ ካለ ጥያቄውም አይነሳም።

ረድፎቹን ስትዘረጊ፣ ማለትም እያንዳንዱን ሥራ ከትእዛዙ መረጃ ጋር በራሱ ረድፍ ስታወጪ፣ ሁለት ወጥመዶች አሉ፤ እኔ ሁለቱም ውስጥ ወድቄ አውቃለሁ። ለመንገድ የወጣው ደቂቃ የትእዛዙ እንጂ የሥራው አይደለም። አንድ ትእዛዝ ሦስት ሥራ ካለውና የመንገዱ ጊዜ 40 ደቂቃ ከሆነ፣ ሲዘረጋ 40 ሦስት ቦታ ይጻፋል፤ ሪፖርቱ ዓምዱን ሲደምር 120 ይልሻል። ወይ በትእዛዙ የመጀመሪያ ረድፍ ላይ ብቻ ጻፊው፣ ወይ መንገዱን ራሱን የቻለ አንድ የሥራ ረድፍ አድርጊው። ሁለተኛው ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ የሚያነበው ሰው ሁሉንም ደቂቃ በአንድ ዓምድ ስለሚያገኘው።

ሌላው ወጥመድ፣ በሊንክ (በሲ ሻርፕ የዝርዝር መጠየቂያ) ሥራዎቹን ሰሌክትሜኒ በሚባለው ተግባር ስትዘረጊ ምንም ሥራ ያልተመዘገበበት ትእዛዝ ከሪፖርቱ ጨርሶ ይጠፋል። ስህተት አይመጣም፤ በቀላሉ የለም። እንዲቆይ ከፈለግሽ ዲፎልትኢፍኤምፕቲን (ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን በምትኩ አንድ ረድፍ የሚሰጠውን) ጨምሪበትና «ሥራ አልተመዘገበም» የሚል ረድፍ አውጪለት።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፦ ጊዜውን የምትይዢው በምንድን ነው? በሰዓት በነጥብ ቁጥር ከሆነ ሌላ እሾህ አለ። ሦስት ሥራዎች እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ ቢፈጁ፣ በወረቀቱ ላይ 0.33፣ 0.33፣ 0.33 ይጻፋል፤ ከሥሩ ደግሞ 1.00። በእርሳስ የሚደምሩት ሰው 0.99 ያገኛሉ፣ እውነትም አላቸው። ጊዜውን በሙሉ ደቂቃ ያዢ፣ ደምሪ፣ ሲታተም ብቻ ወደ ሰዓትና ደቂቃ ቀይሪው። 20 እና 20 እና 20 ሲደመር 1:00 ነው፤ በማንም እርሳስ።

ባለ ጃቫ

በጃቫና በጃስፐርሪፖርትስ (በጃቫ የሪፖርት ማውጫ) ለምትሠሩም መንገዱ ያው ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር።

የኦብጀክቶቹን (በጃቫ አጠራር የቢኖቹን) ክምችት ለሪፖርቱ የሚያቀርበው ጄአርቢንኮሌክሽንዳታሶርስ እንደ ጠቋሚ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል። አንዴ ተነብቦ ካለቀ በኋላ ያንኑ ኦብጀክት ለሁለተኛ ሪፖርት ብትሰጡት ባዶ ሪፖርት ታገኛላችሁ፤ ምንም ስህተት አይነግራችሁም። ለቅድመ እይታ አንድ፣ ለህትመት ሌላ አዲስ ፍጠሩ። ሥር ያለው ዝርዝር ያው ሊሆን ይችላል።

ምድቦችን በተመለከተ፣ ጃስፐር የምድቡ እሴት በተለወጠ ቁጥር አዲስ ራስጌ ይከፍታል፤ ረድፎቹን ራሱ አያስተካክልም። በክፍል ተደርድረው ካልመጡ «ኤሌክትሪክ» የሚለው ራስጌ አምስት ቦታ ሊወጣ ይችላል፣ ከእያንዳንዱ ሥር የተበጣጠሰ ድምር ይዞ። ከመስጠታችሁ በፊት ደርድሩ። አርዲኤልሲ ራሱ ስለሚመድብ በዚህ በኩል ጠያቂዋ አይቸገሩም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቤቶቹ ምሳሌ ወዲያው ገባኝ። ጊዜውንም በነጥብ ቁጥር ነበር የያዝኩት፤ ዛሬ ወደ ደቂቃ እቀይረዋለሁ።

ግን አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ከሥራዎቹ ሌላ እያንዳንዱ ትእዛዝ የወጡ መለዋወጫዎች ዝርዝርም አለው። ሁለቱንም በአንድ ረድፍ ልዘርጋቸው ብል እንዴት ይሆናል?

ንዑስ ሪፖርት ወዳጅ

አይዘርጉት። ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ የሚበቃው ግን ከትእዛዙ ሥር አንድ ዝርዝር ብቻ ሲኖር ነው። 3 ሥራና 4 መለዋወጫ ያለው ትእዛዝ ሁለቱ በአንድ ሠንጠረዥ ሲዘረጉ 12 ረድፍ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሥራ አራት ጊዜ፣ እያንዳንዱ መለዋወጫ ሦስት ጊዜ። ከዚያ በኋላ የትኛውም ድምር አይታመንም።

ሦስት የረድፍ ዓይነት ይሥሩ፦ የትእዛዝ፣ የሥራ፣ የመለዋወጫ። ሦስቱንም በዚያው አንድ ዙር ይቅዱ፣ አለዚያ የተለያየ ጊዜ ፎቶ ይሆናሉ። ዋናው ሪፖርት የትእዛዞቹን ረድፎች ይዞ በውስጡ ሁለት ንዑስ ሪፖርቶች ይኑሩት፤ የትእዛዙን ቁጥር በፓራሜትር ይላክላቸው። ሪፖርት ቪውወር ለእያንዳንዱ ንዑስ ሪፖርት ሰብሪፖርትፕሮሰሲንግ የሚባለውን ክስተት ይጠራል፤ እዚያ ላይ የዚያን ትእዛዝ ረድፎች ብቻ ያቀርቡለታል።

ይህ ክስተት ለእያንዳንዱ ትእዛዝ በተደጋጋሚ ስለሚጠራ በውስጡ የሚጽፉት ኮድ ቀላል ይሁን። እኔ ያየሁት ፕሮግራም በእያንዳንዱ ጥሪ የሥራዎቹን ዝርዝር ከጫፍ ጫፍ ይፈትሽ ነበር። 2,000 ትእዛዝና 15,000 ሥራ ሲሆን 30 ሚሊዮን ንጽጽር ነው፤ ተጠቃሚዎቹ ፕሮግራሙ የተሰቀለ እየመሰላቸው ይዘጉታል። ከመጀመሪያው ቱሉክአፕ በሚባለው የመመደቢያ ተግባር በትእዛዝ ቁጥር ይመድቡትና ከዚያ በቁጥሩ ብቻ ያንሱ። የዳታሴቱ (የሚቀርበው የረድፎች ስብስብ) ስምም በንዑስ ሪፖርቱ ውስጥ ካለው ጋር በፊደል ይግጠም፤ አንድ ፊደል ቢዛነፍ «የመረጃ ምንጭ አልቀረበም» ይላል፣ መረጃው እያለ።

ጠያቂዋ

ተሠራ። ሌላም ሰው ሊቸገር ስለሚችል እንዴት እንደሄደ ልጻፍ።

የመጀመሪያውን ሙከራ ሳወጣ ስክሪኑ ላይ 214 ትእዛዝ፣ ወረቀቱ ላይ 207 ነበር። ነባሩ ባለሙያ ባይነግሩኝ ኖሮ ቆጥሬ አላየውም ነበር። ሰባቱ ተከፍተው ሥራ ያልተመዘገበባቸው ናቸው። አሁን ወጥተዋል፤ ኃላፊውም መጀመሪያ የጠየቁት ስለ እነዚያ ሰባት ነው፤ ለምን ሳይሠሩ እንደቆዩ ማንም አስተውሎ አያውቅም ነበር።

45ቱንም ደቂቃ አገኘሁት። የፋይሉን የቀድሞ ቅጂ ከአዲሱ ጋር ሳነጻጽር፣ ሪፖርቱ በወጣበት ደቂቃ አንድ ባለሙያ የፓምፕ ማኅተም ቅየራ መዝግቦ ነበር፤ ልክ 45 ደቂቃ።

ረድፎቹ የተቀዱበትን ቀንና ሰዓት እስከ ሰከንዱ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ እንዲታተም አደረግሁ። ቅድመ እይታውና ህትመቱ ከአንድ ቅጂ ይወጣሉ፤ «አድስ» የሚለው ካልተጫነ በስተቀር አዲስ ቅጂ አይወሰድም።

አንድ ሰዓት ያባከነብኝን ነገር ጨምሬ ልሰናበት። የረድፉን ክላስ ስጽፍ እሴቶቹን ተራ ፊልድ አድርጌያቸው ነበር፤ የሪፖርት ዲዛይነሩ አንዱንም አላሳየኝም። «ጌት» እና «ሴት» (ማንበቢያና መጻፊያ) ያላቸው ፐብሊክ ፕሮፐርቲዎች ሳደርጋቸው ሁሉም በዝርዝሩ ውስጥ ብቅ አሉ።