የመርከበኞቹ ደመወዝ እስከ የት ይታሰባል? (1665–1667)

የለንደንን የአድሚራልቲ ፍርድ ቤት (የባሕር ጉዳይ ችሎት) መዝገብ የምታነቡ፣ እባካችሁ አንድ ሂሳብ አልወጣ ብሎኛል። ዘመኑ የሁለተኛው የእንግሊዝና የሆላንድ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1665–1667) ነው። መርከቡ ጭነቱን ሊዝበን አራግፎ፣ ወይን ጭኖ ሲመለስ ሆላንዶች ማረኩት። «የጭነት ኪራይ የደመወዝ እናት ናት» በሚለው ደንብ (መርከቡ ኪራይ ካላገኘ መርከበኛው ደመወዝ አያገኝም) የመልሱ ጉዞ ደመወዝ ቀልጧል፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። የመሄጃውም ይከፈላል። ያቃተኝ ወደብ የቆሙበት 40 ቀን ነው፦ ግማሹ ነው የሚታሰበው? በወር 35 ሺሊንግ (የጦርነት ዋጋ ነው፣ በሰላሙ 20 ገደማ ነበር) ወሩን 30 ቀን ብወስድ፣ ግማሹ ለአንድ ሰው 23 ሺሊንግ ከ4 ፔኒ ይመጣል።

ደግሞ ባለመርከቦቹ ከጭነቱ ነጋዴ ጋር የገቡት ውል ኪራዩን ለደርሶ መልስ በአንድ ድምር ነው ያሰረው። ነጋዴው «መርከቡ ለንደን አልገባም» ብሎ ምንም ካልከፈለ፣ መርከበኞቹ የመሄጃውን ከባለመርከቦቹ መጠየቅ ይችላሉ?